«ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ማኅበረሰብ» ምንድን ነው? ከጥርሴ ልጀምር

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣች። እዚሁ አዳማ ሲቪል ምህንድስና ነው የምትማረው፤ ሦስተኛ ዓመት ናት። ግቢ ውስጥ የተለጠፈ ማስታወቂያ ፎቶ አንስታለች። «ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ማኅበረሰብ፤ ተከታታይ ሴሚናር፤ ዘወትር ሐሙስ 8:00 ሰዓት» ይላል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው? ሳይንስ ነው ወይስ ሲቪክስ?»

ሳቄ መጣ። ግን ጥያቄዋ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። ሳይንስ የሚያውቁ ሰዎች ‘ማኅበረሰብ’ የሚለውን ቃል ሲያዩ ወሬ ነው ብለው ያልፉታል። ማኅበረሰብ የሚያጠኑት ደግሞ ‘ቴክኖሎጂ’ ሲሉ ሰምተው አይመለከተንም ይላሉ። ማስታወቂያው ግድግዳው ላይ ፀሐይ ሲበላው ይከርማል።

«እስቲ መጀመሪያ 8:00 የምትለዋን እያት» አልኳት።

እኛ 8:00 ስንል ከምሳ በኋላ ነው። አዳማ የምትቀልጥበት፣ አስፋልቱ የሚለሰልስበት ሰዓት። የማስታወቂያው ግርጌ ግን አንድ እንግዳ ከውጭ አገር ሆኖ በኢንተርኔት እንደሚገባ ይናገራል። እሱ 8:00 የሚለውን ካነበበ ጠዋት ቁርሱን ሳይበላ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ባዶ ስክሪን ያያል። የኮምፒውተሩ ሰዓት የሚያውቀው ቀን እኩለ ሌሊት ላይ እንደሚጀምር ነው። የእኛ ቀን ሲነጋ ይጀምራል። ኮምፒውተሩን የሠሩት ሰዎች ክፉ ሆነው አይደለም፤ የራሳቸውን ቀን ነው የከተቱበት። እኛም ዕድሜ ልካችንን በጭንቅላታችን ስድስት እየደመርን፣ ስድስት እየቀነስን እንኖራለን። ዕቃው ውስጥ የአንድ አገር ልማድ ተቀምጧል፤ የመደመሩ ሥራ ደግሞ ለሌላው ተሰጥቷል። ሴሚናሩ ስለ እንዲህ ያለ ነገር ነው።

(ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ይህን መጻፍ ማስፈለጉ ራሱ አንድ የሴሚናር ርዕስ ይወጣዋል።)

አሁን ወደ ጥርሴ።

ያደግኩት ከአዳማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ወንጂ አቅጣጫ ባለ መንደር ነው። የጉድጓድ ውሃ ጠጥቼ። የፊት ጥርሶቼ ቡናማ ናቸው። ፎቶ ቤት ገብቼ «ፈገግ በል» ሲሉኝ ከንፈሬን ገጥሜ ነው ፈገግ የምለው። አዲስ አበባ ስማር የተከራየሁበት ቤት እመቤት አንድ ቀን ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ጫቱን ብትተወው ምን አለበት?» አሉኝ። ጫት ቅሜ አላውቅም። በከሰል ፈግፍጌዋለሁ፣ በሎሚ አሽቼዋለሁ፣ መፋቂያ ጨርሻለሁ። ወይ ፍንክች። ቆሻሻ ስላልሆነ አይለቅም፤ ጥርሱ ራሱ ሲሠራ እንደዚያ ሆኖ ነው የተሠራው።

ምክንያቱ ፍሎራይድ ነው። ስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ አገር ነው። ውሃው ከመሬት በታች በዐለቱ መካከል ሲያልፍ ፍሎራይድ አሟሙቶ ይዞ ይወጣል። ትንሽ ፍሎራይድ ለጥርስ ይጠቅማል፤ የጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚጨመረውም ለዚህ ነው። ሲበዛ ግን ሕፃን ሳለን፣ ቋሚ ጥርሳችን ድድ ውስጥ እየተሠራ እያለ፣ የጥርሱን ሽፋን ያበላሸዋል። ቀለል ሲል ነጭ ነጠብጣብ፣ ሲከፋ ቡናማ ሆኖ ብቅ ይላል። ይህ ገና ቀላሉ ነው። ለብዙ ዓመት ሲጠጣ አጥንት ውስጥ ይጠራቀማል። ወገብና አንገት ይደርቃል። ሰውየው ሲጠሩት አንገቱን ማዞር ትቶ መላ አካላቱን ያዞራል።

ፍሎራይድ ቀለም የለውም፣ ሽታም ጣዕምም የለውም። ማፍላት አያጠፋውም። እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር ድስቱ ውስጥ የቀረው ይበልጥ ይከማቻል።

እዚህ ድረስ ኬሚስትሪና ሕክምና ነው። የእህቴ ልጅም ይህንን ታውቀዋለች። «ታዲያ ማኅበረሰቡ የት ገባ?» አለችኝ። እሱ ወንጂ ላይ ይገባል።

ወንጂ ላይ ኤች ቪ ኤ የተባለ የሆላንድ ኩባንያ በ1954 ስኳር ማምረት ጀመረ። ከከምባታ፣ ከሀዲያ፣ ከወላይታ አገዳ ለመቁረጥ ሰው መጣ። ለሠራተኛው መንደር የጉድጓድ ውሃ ቀረበ። በዘመኑ ዓይን ይህ ጥሩ ሥራ ነው፤ ድፍርስ የወንዝ ውሃ ከመጠጣት የጉድጓድ ውሃ ይሻላል። ተቅማጥን ከማሰብ አንፃር ትክክል ነው። ጉድጓዱ ግን ፍሎራይድ ነበረበት። በ1970ዎቹ ሐኪሞች ለረጅም ዘመን እዚያ በሠሩ ሰዎች ላይ አጥንት የሚያደርቀውን ፍሎሮሲስ አግኝተው ጻፉ።

አንድን ችግር የፈታው ዕቃ ሌላ ችግር ይዞ ገባ። ማንም ተንኮል አላሰበም። ውሃውን የመረመረው ሰው የፈለገው ጀርም ነበር፤ የፈለገውን ነው ያየው። ሴሚናሩ ላይ «የምትለካውን ማን መረጠልህ?» የሚል ጥያቄ ከሰማህ የሚጠየቀው ይህ ነው።

ከልኬት አንድ ቁጥር ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚመክረው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ከ10 በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ። ቁጥሩ ሲታይ ከሰማይ የወረደ ይመስላል። ግን ውስጡ አንድ ሰው አለ፤ በቀን ሁለት ሊትር ገደማ ውሃ የሚጠጣ ሰው። አሁን ያንን ሰው ወንጂ ውሰደው። በጠራራ ፀሐይ አገዳ አስቆርጠው። ሁለት ሊትሩን ከረፋዱ በፊት ይጨርሰዋል። ድርጅቱም ይህን ስለሚያውቅ አገሮች የራሳቸውን ወሰን ሲያወጡ የአየር ንብረታቸውንና ሕዝባቸው የሚጠጣውን መጠን እንዲያስቡ ይመክራል። ቁጥሩ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። ቁጥሩ የሆነ ሰውን አስቦ የተሠራ ነው፤ ያ ሰው አንተ መሆንህን ማጣራት አለብህ።

እንግዲህ በዚህ ትምህርት «እውቀት የሚሠራ ነገር ነው» ሲባል ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የተሠራ ከሆነ የፈጠራ ነው፣ ውሸት ነው ማለት ነው ብሎ ያስባል። ኮሮና የለም፣ ክትባት ተንኮል ነው የሚለው ሰው ደግሞ ደስ ብሎት ያጨበጭባል። ይህ አይደለም። እንጀራ የተሠራ ነገር ነው። ጤፉን የዘራ፣ ያበጠረ፣ ያስፈጨ፣ ያቦካ፣ የጋገረ ሰው አለ። ሰው ጋገረው ማለት እንጀራው ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ሆድህ ያውቀዋል። ግን ማን እንደጋገረው፣ በምን እንደጋገረው፣ ሊጡ ስንት ቀን እንደቆየ መጠየቅ ትችላለህ። ጥሩውን ከመጥፎው የምትለየውም እንዲህ ጠይቀህ ነው።

ትምህርቱ ራሱ ብዙ ዕድሜ የለውም። በ1962 ቶማስ ኩን የተባለ ፊዚክስ ተምሮ ወደ ታሪክ የገባ አሜሪካዊ፣ ሳይንስ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረበ ብቻ እንደማያድግ፣ አንዳንዴ ቤቱ ፈርሶ እንደ አዲስ እንደሚሠራ ጻፈ። ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ በ1960ዎቹ ሳይንስን የሚያጠና ክፍል ከፈተ። በ1975 የዘርፉ ተመራማሪዎች ማኅበር አቋቋሙ። እኔን የሚያስቀኝ ግን የብሩኖ ላቱር ነገር ነው። ፈረንሳዊ ነው። መጀመሪያ አቢጃን፣ ኮትዲቭዋር ሄዶ እንደ ማንኛውም ፈረንጅ አፍሪካውያንን አጠና። ከዚያ በ1970ዎቹ አጋማሽ ካሊፎርኒያ፣ ሳልክ ኢንስቲትዩት ገባና ሳይንቲስቶችን ልክ እንደ አንድ ጎሳ ማጥናት ጀመረ። ምን ይበላሉ፣ ምን ያከብራሉ፣ በምን ይጣላሉ። ያየው ነገር ቀላል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይጽፋሉ። መጀመሪያ ‘ሊሆን ይችላል’ ብለው ይጽፋሉ። ሌላው ይሞግታል። ሙከራው ይደገማል። ከወራት በኋላ ‘ሊሆን ይችላል’ የምትለዋ ትወድቅና ዐረፍተ ነገሩ ብቻውን ይቆማል። ያኔ ‘ሐቅ’ ይባላል። ሐቁ እውነት ነው። ግን መንገድ ተጉዟል፤ በመንገዱም ገንዘብ፣ መሣሪያ፣ ክርክርና ብዙ ቡና አልፏል።

እና ‘ሊሆን ይችላል’ የምትለዋን ቃል ለማስጣል የማን ድምፅ ይበቃል? የማን አይበቃም? ለዚህ ከእኛ አገር የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ነበሩ። ትምህርታቸውን ከጨረሱ ገና ነው። የሚያጠኑት ቢልሃርዚያን ነው። ይህ በሽታ በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ በኩል ወደ ሰው ይገባል። ወንዝ ዳር ሲሄዱ አንድ ነገር ዓይናቸው ገባ። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተዋል። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነው። ከሴቶቹ አንዷ አረፋውን በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ያሉበት ዕቃ ውስጥ እንድትጨምር ጠየቋት። ጨመረች። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ሙከራ ማለት ይህ ነው፤ ላብራቶሪው ወንዝ፣ መሣሪያው የነጠላ አረፋ።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን ረጅም ነው። ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ብዙ የእንዶድ ዓይነት ሰብስበው ጠንካራውን መረጡ። ነገር ግን ዓለም አቀፍ ድርጅቶች እንዶድን በሰፊው ከመጠቀም በፊት የመርዛማነት ምርመራው በታወቀ ደረጃ፣ ያንን ደረጃ በሚያሟላ ላብራቶሪ እንዲሠራ ፈለጉ። መጠየቁ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ውሃ ውስጥ የሚጨመር ነገር መመርመር አለበት። ግን ያንን ደረጃ የሚያሟላ ላብራቶሪ እኛ ጋ የለም። ያለው የእነሱ አገር ነው፤ ዋጋውም የዋዛ አይደለም። አሠርት ዓመታት ሄዱ። በ1989 ሁለቱ ሳይንቲስቶች ‘ራይት ላይቭሊሁድ’ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ብዙም ሳይቆይ ሰሜን አሜሪካ፣ በታላላቅ ሐይቆች ዙሪያ የውሃ ቱቦ የሚደፍን ዛጎል ለበስ ፍጥረት አስቸገረ። እንዶድ እሱንም እንደሚገድል ታወቀ። በዚህ አጠቃቀም ላይ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ አወጣ።

የእህቴ ልጅ እዚህ ስትደርስ ተናደደች። «ሌቦች!» አለች። ለመናደድ አትቸኩዪ አልኳት። ጥያቄውን ወደ ኋላም ውሰጂው። እንዶድን ማን አገኘው? ዶክተር አክሊሉ ናቸው? አዎ፤ ከቀንድ አውጣው ጋር ያገናኙት እሳቸው ናቸው። ሴቶቹስ? የትኛው ፍሬ እንደሚያረፋ፣ መቼ እንደሚለቀም፣ ስንት እንደሚበቃ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ያቺ አረፋውን ዕቃው ውስጥ የጨመረችው ሴት ስሟ ማን ነበር? አንድም ቦታ ተጽፎ አላየሁም።

ቢልሃርዚያ ወንጂም ነበር። አገዳውን የሚያጠጣው ቦይ ለቀንድ አውጣ ምቹ ሰፈር ሆነ። ስኳር፣ ቦይ፣ ቀንድ አውጣ፣ ጉድጓድ፣ ጥርስ፤ ሁሉም አንድ ገመድ ላይ ናቸው። ወደ ጥርሴ እመለሳለሁ፤ እስከዚያ ሌሎች ሁለት ሦስት ነገሮችን በሩጫ ላንሳ።

ጤፍን ብዙ ሰው ያውቀዋል። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በአውሮፓ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ፓተንት አግኝቶ ነበር። በመጨረሻ በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ ውድቅ ነው አለ። ዳኛው ‘ይህ አዲስ ግኝት ነው ወይ?’ ብሎ ነው የጠየቀው። እናቶቻችን ቢጠየቁ ችሎቱ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር።

ፊደላችንም አለ። 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231፤ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር። የጽሕፈት መኪና ላይ ያለው ቁልፍ ግን ሃምሳም አይሞላም። ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ ሰዎች ፊደሉን በጽሕፈት መኪና ውስጥ ለማስገባት ብዙ ደከሙ። በኋላም ‘ፊደሉ ይቀነስ፣ ይሻሻል’ የሚል ክርክር ተነሣ። ለመኪናው ሲባል ፊደሉ ይቆረጥ ወይስ ለፊደሉ ሲባል መኪናው ይለወጥ? ድሮ በመኪና የተጻፈ ደብዳቤ ያየ ሰው ቅጥያዎቹ ከፊደሉ ጎን ተንጋደው ቆመው ትዝ ይሉታል። በ1999 የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚያውቁበት የጋራ ዝርዝር ውስጥ፣ ገባ። ይህን የምታነበው በዚያ ምክንያት ነው።

መንገዳችንንም ተመልከት። የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ በ2014 ተከፈተ፤ ወደ 85 ኪሎ ሜትር ነው። እኔ እወደዋለሁ፤ ወገቤን አድኖኛል። ግን የታጠረ ነው። ባጃጅ አይገባም፣ ጋሪ አይገባም፣ እግረኛ አይገባም፣ በሬ አይሻገርም። አስፋልቱ ‘አንተ ግባ፣ አንተ ዙር’ ብሎ ይለያል፤ ፖሊስ አያስፈልገውም። በዚህ ዘርፍ የታወቀ አንድ የኒው ዮርክ ታሪክ አለ። ሮበርት ሞዝስ የተባለው ባለሥልጣን ድሆችና ጥቁሮች በአውቶቡስ ወደ ባሕር ዳርቻው እንዳይመጡ ድልድዮቹን ሆን ብሎ ዝቅ አድርጎ አሠራ ይባላል። በኋላ የመጡ አጥኚዎች ደግሞ ‘ሆን ብሎ’ የሚለው ላይ ተከራከሩ። እኔ ከታሪኩ ይልቅ ክርክሩን ነው የወደድኩት፤ የራሱን ምርጥ ምሳሌ ቁጭ አድርጎ የሚሞግት ትምህርት ደስ ይለኛል።

በቃ፣ ሴሚናሩ ራሱ ምን ይመስላል? የእህቴ ልጅ ብቻዬን አልሄድም ስላለች አብረን ሄድን።

ነገሩ ቀላል ነው። በየሳምንቱ አንድ ሰው ገና ያላለቀ ሥራውን ይዞ ይመጣል። ‘ያላለቀ’ የሚለው ዋና ነው። ያለቀ ሥራ ከሆነ ማንበብ ይበቃል። አቅራቢው ግማሽ ሰዓት ገደማ ያወራል፤ የቀረው ጊዜ የጥያቄ ነው። ዛሬ ኬሚስት፣ በሚቀጥለው ሐሙስ የታሪክ መምህር፣ ከዚያ የግብርና ባለሙያ። ተከታታይ የሆነበትም ምክንያት አለው። አንድ ቀን ብቻ ቢሆን እያንዳንዱ የራሱን ቋንቋ ተናግሮ ይበተናል። በአራተኛው በአምስተኛው ሳምንት ግን ኢንጂነሩ የሶሺዮሎጂስቱን ቃል መስረቅ ይጀምራል። አበል የለውም። ሻይ ቡና አለው።

የሄድን ቀን አቅራቢው ስለ ንፋስ ኃይል ነበር የሚያወራው። አሥረኛው ስላይድ ላይ መብራት ሄደ። ፕሮጀክተሩ ጭጭ አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ምክንያቱም በመስኮቱ ወደ ኮረብታው ብታይ የንፋስ ተርባይኖቹ እየተሽከረከሩ ነው። የመጀመሪያው ዙር 34፣ ሁለተኛው 102፣ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት፤ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት። እና እኛ ጨለማ ውስጥ ነን።

ሰውየው ጎበዝ ነበር። ስላይዱን ትቶ ይህንኑ ማስረዳት ጀመረ። ተርባይኖቹ አዳማ ላይ ይቁሙ እንጂ የአዳማ አይደሉም። ኃይሉ ወደ አገር አቀፉ መስመር ነው የሚገባው። ወደዚህ አዳራሽ የሚመጣው ደግሞ በሰፈሩ ትራንስፎርመር፣ በእንጨቱ ምሰሶ፣ በአሮጌው ሽቦ ነው። ምርቱና ስርጭቱ ሁለት የተለያየ ሥራ፣ የተለያየ በጀት፣ የተለያየ ክብር ያለው ነው። ተርባይን ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል። ሽቦ ሲቀየር ሪባን የቆረጠ ሰው አላየሁም አለ። በመብራቱ ጊዜ ካወራው ይሄ ይበልጥ ገባን።

ከዚያ ጥያቄ ተከፈተ። እንደ ደንቡ አንድ ሰውዬ ተነሥተው «ሦስት አስተያየትና አንድ ጥያቄ አለኝ» አሉ። አስተያየቱ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ጥያቄው ጠፋ። እንዲህ ዓይነቱን መታገስ የሴሚናር ግማሹ ነው። ከኋላ አንድ ልጅ ግን አጭር ነገር ጠየቀ። «ከተርባይኖቹ አንዱ ቢበላሽ ማን ነው የሚጠግነው? መለዋወጫው ከየት ይመጣል?» አቅራቢው ቆም አለ። ለዚህ መልስ ሙሉ ሐሙስ ያስፈልጋል አለና ማስታወሻው ላይ ጻፈ። የእህቴ ልጅም ጻፈች።

አሁን ወደ ጥርሴ፤ ማለትም ወደ እናቴ ቤት።

ፍሎራይድን ከውሃ ማውጣት ይቻላል። አንዱ ዘዴ ከህንድ የመጣ ነው፤ ናልጎንዳ ይባላል፣ በተመሳሳይ ችግር በምትታወቅ ቦታ ስም። ውሃው ውስጥ አልሙኒየም ሰልፌትና ኖራ ይጨመራል፣ ይማሰላል፣ ይዘቅጣል፣ ከላይ ያለው ይቀዳል። ወረቀት ላይ አራት ቃል ነው። ቤት ውስጥ ግን በየቀኑ መለካት፣ በየቀኑ ማማሰል፣ ዝቃጩን የት እንደሚደፉ ማሰብ፣ ዱቄቱ ሲያልቅ መፈለግ ነው። ይህን የምታደርገው ደግሞ ውሃውን ተሸክማ የመጣችው ሴት ናት።

ሌላው ዘዴ የአጥንት ከሰል ነው። የከብት አጥንት በከፍተኛ ሙቀት ይቃጠላል፣ ይፈጫል፣ ማጣሪያ ውስጥ ይሞላል። ውሃው በመካከሉ ሲያልፍ ፍሎራይዱን ይይዝለታል። እናቴ ቤት ያለው ይሄ ነው፤ አንድ ድርጅት ለመንደሩ ያደለው። መጀመሪያ ሲመጣ እናቴ የጠየቀችው ስለ ፍሎራይድ አልነበረም።

«አጥንት? የምን አጥንት? ማን ያረደው?»

ያመጣው ልጅ ተቃጥሎ ያለቀ ነገር ነው፣ ሥጋም ቅባትም የለውም ብሎ አስረዳ። በኬሚስትሪ ልክ ነው። እናቴ ግን በኬሚስትሪ አልጠየቀችም። የሙስሊም እርድ ይሁን የክርስቲያን፣ በጾም ይጠጣ አይጠጣ ነው የጨነቃት። ጎረቤቷ ሙስሊም ናት፤ እሷም በበኩሏ ያው ጭንቀት ነበራት። ማጣሪያው ለወራት በር ጀርባ ቆመ። በመጨረሻ እናቴ የንስሐ አባቷን ጠየቀች። «ውሃ ነው፣ ጠጪ» አሏት። ማጣሪያው መሥራት የጀመረው ያን ቀን ነው። የሠራው ኢንጂነር ሥዕል ላይ ባልዲው አለ፣ ቧንቧው አለ፣ ከሰሉ አለ። የንስሐ አባቷ የሉም። ያለ እሳቸው ግን በር ጀርባ የቆመ ፕላስቲክ ነበር።

አንድ ችግር ግን አለው። የአጥንት ከሰሉ ይጠግባል። ከጠገበ በኋላ ፍሎራይድ አይይዝም። መቼ እንደሚጠግብ የሚወሰነው ውሃው ባለው ፍሎራይድና ቤተሰቡ በሚጠቀመው መጠን ነው። ሲጠግብ ውሃው አይደፈርስ፣ አይሸት፣ አይቆም። እንደ ወትሮው ኩልል ብሎ ይወርዳል።

ባለፈው እሑድ ከእህቴ ልጅ ጋር እናቴን ልንጠይቅ ሄድን። ቡና ተፈላ። ልጅቷ ግን ቡናው ጋ አልተቀመጠችም። ጓዳ ገብታ ማጣሪያውን እየዞረች ታያለች።

«እማማ፣ ይሄ ከሰል መቼ ነው የተቀየረው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ። ያ ልጅ በሞተር መጥቶ ቀይሮ ወረቀት ለጥፎ ሄደ።»

ወረቀቱ ከጀርባው ነበር። የስልኳን መብራት አበራችበት። 11/5/14 ይላል።

በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ጥቂት ዓመት ነው። በፈረንጅ ከሆነ ከ10 ዓመት አልፏል። ሁለታችንም ወረቀቱን ትክ ብለን አየነው። እናቴ ሦስተኛውን እየቀዳች ትጠራናለች።

«በእኛ ይሆናል» አልኩ። እንዲሆን ስለፈለግኩ ነው እንጂ ማስረጃ የለኝም።

ልጅቷ በጣቷ ቆጠረች። «ጋሼ፣ ጥር 11 እኮ ጥምቀት ነው። በጥምቀት ማን በሞተር መጥቶ ማጣሪያ ይቀይራል?»